ገቢ ቁጥር

ከስታዲየም ማዶ፣ ሰባተኛው ፎቅ ላይ፣
ሊፍቱ ሲቆም በእግሬ፣ ሲሠራም በጥርጣሬ ወጥቼ
ላፕቶፔን ስከፍት ሰሌዳው ቀድሞኝ ነቅቷል፤
ያደረ ሥራዬን ቆጥሮ፣ ስሜን ከጎኑ ለጥፏል።

ሦስት ዓምድ አለው፦
«ገና»፣ «በእጅ ያለ»፣ «ያለቀ»።
የመጀመሪያው ረጅም፣ እንደ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ
በዝናብ ማታ፤
የመጨረሻው አጭር፣ እንደ ደመወዝ ሳምንት
ሳይቋጠር የሚፈታ።

ቢጫ ካርድ፦ የክፍያው ገጽ ከአንድ ሰው ሁለቴ ይቆርጣል።
ግራጫ ካርድ፣ ማንም የማይነካው፦ «ይህን ኮድ ማነው የጻፈው?»
እኔ ነኝ። ባለፈው ሐምሌ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ።
ቀይ ካርድ፦ «ዓለምፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችን ደንበኛ
«አለምጸሃይ» ብለው ሲፈልጓት
የለችም ይላል።

ሁለት ቀን ታገልኩት፤
ካርዱን ወደ «በእጅ ያለ» ሳብኩት፣ መለስኩት፣
ቀኑን አራዘምኩት፣ ቀለሙን ቀየርኩት።
ሥራ መደርደር ሥራ ይመስላል፤
ተንኮሉ ይሄ ነው።

አባቴ መዝገብ ቤት ነበር።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከአምባሳደር ወረድ ብሎ፣
ምድር ቤት፣ በሰማያዊ ጋዋን፣ አቧራ እየዋጠ፣
ፋይል በገመድ እያሰረ፣
ለሰው አቤቱታ ቁጥር እየሰጠ።
«ቁጥር የሌለው ነገር» ይል ነበር፣ «አልመጣም ማለት ነው።»

ሠንጋ ተራ፣ ኮንዶሚኒየማችን፣ እራት ላይ ጠየቅሁት፦
«ዓለምፀሐይን በየትኛው ፊደል ነበር የምትፈልጋት?»
ማንኪያውን አስቀምጦ ሳቀብኝ።
«ስም በጆሮ ይፈለጋል እንጂ በዓይን?
ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣
ሁሉም አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድሩት።»

ሌሊቱን ጻፍኩት። አሥራ አንድ መስመር።
ፀሐዩን ፀ ከጸሎቱ ጸ አስታረቅሁ፣
ዓይኑን ዐ ከአልፋው አ።
ሲነጋ ዓለምፀሐይ ተገኘች፤
ሶሊያና ከማዶ ጠረጴዛ አውራ ጣት ላከችልኝ።

ቡድኑ የማያየው ሌላ ገጽም አለኝ፦
የአባዬ ክኒን፣ ነጩ ጠዋት፣ ሮዙ ማታ።
ቁልፉን የት እንደሚያኖር።
ምድጃውን ስንቴ ለኩሶ እንደረሳ።
የቀጠሮው ቀን።
ይህ ገጽ ዓምድ የለውም። ሞክሬ ነበር፤
ሦስተኛውን ምን ብዬ ልሰይመው?

ስልኩ ላይ ጫንኩለት። መነጽሩን ገፋ አድርጎ ብዙ አየው።
«ገቢ ቁጥሩ የታለ?»
የለውም አልኩት።
«እንግዲያው አልመጣም።»
በየካርዱ ራስ ላይ ቁጥር ጻፍኩ፤
የማታው ክኒን አራት መቶ አሥራ ሰባት ሆነ፤
ከዚያ ወዲህ ይውጠዋል።

ዛሬ አመሻሽ መብራት ሄደ።
ጀነሬተሩ ሁለቴ ስሎ ተወው።
ሰሌዳው ነጭ ሆኖ አንዲት ክብ ነገር ያሽከረክራል፤
ከታች ባቡሩ ሐዲዱ ላይ ቆሟል፣ ሰው እንደጠቀጠቀ።
በስልኬ ብርሃን ደረጃውን ስወርድ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ ደወለ።

«ጥሩወርቅ» አለኝ።
ጥሩወርቅ እህቱ ናት፤ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ።
የእኔ ስም በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ የእሷን አይመስልም።
«አቤት» አልኩ፤
በሌላ ሰው ስም ተፈልጌ ተገኘሁ።
«የማታው... ቁጥሩ ጠፋኝ።»

ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ሰሌዳ የለ፣ ኔትወርክ የለ።
«አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ አባዬ። ሮዙ።»
ውሃ ሲጎነጭ ሰማሁ።
ከዚያ በድሮው፣ በዚያ በመስኮት ድምፁ፦
«ደርሷል» አለኝ።
«ነገ ተመለሺ።»